ከፊርማ በፊት ምስማር አይመታም

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን «በእጅ የተጻፈ ነገር የድጎማ ጽሕፈት ቤቱ ዓይኑን አያሳርፍበትም፤ በኮምፒውተር ይሁን» ስላለ ደብተሩ ለእኔ ቀረ። ንጹሕ ወረቀት ሲባክን ማየት አልወድም። ስለዚህ የሆዴን ልጽፍበት ነው።

ዛሬ ቆርቆሮው ገባ። የጭነት መኪናው ከፋብሪካው በር ሲቆም ሰፈርተኛው ሙሽራ የመጣ ይመስል ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቱም ወንዱም እየተቀባበለ አራገፈውና ከግቢው ግንብ ሥር ደረደረው። ፀጉር አስተካካዩ ሊቀመንበራችን አንድም ቆርቆሮ ሳያነሳ ላቡን ሲጠርግ ዋለ።

ቆርቆሮው የእኛ መዋጮ ነው። የጫማ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከተማው እንዳለ ቁጭ ብሏል። መንግሥት ሥራ ለጠፋባቸው አካባቢዎች የልማት ድጎማ ይሰጣል ሲባል ስንሰማ፣ የቀረነው ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመን አመለከትን። ከተፈቀደልን መንግሥት የመብራቱን መስመር ያስቀጥልልናል፣ ማሽኖቹን ያስጠግናል፣ አምና ንፋስ የገነጠለውን የመቁረጫ ክፍል ጣራ ያሠራል። እኛ ቆርቆሮውን እናቀርባለን። ደንቡ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፤ ውል ሳይፈረም ሥራ የጀመረ ማኅበር ከድጎማው ይሰረዛል።

ይህንኑ ስብሰባው ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። «ስሙኝማ! ከፊርማ በፊት አንድ ምስማር ቢመታ ጭራሹን ቀረን ማለት ነው» አልኩ። ከኋላ አንዱ «ወይዘሮ ደንብ ተናገረች!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይሳቁ። ፋብሪካው ሲሠራ በሩ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ያኔም በዚሁ ስም ነበር የሚጠሩኝ። የዘገየውን የምመዘግብ እኔ፣ የሚወደኝ ማን ይሆናል?

ወንድሜ ግን አልሳቀም። ከቆዳ ቆራጮቹ እዚህ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ሩቁ ከተማ ሄደዋል፤ እሱንም አንድ ጫማ ቤት ና ና እያለ ይወተውተዋል። ቆራጭ ከሌለ ሰፊው ምን ሊሰፋ ነው? ማታ ቤት ስንገባ «እትዬ፣ የዝናቡን ወራት እጠብቃለሁ» አለኝ። «ከተከፈተ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ካልሆነ ግን ሚስቴንና ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።» አባባ እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ። የልጁ ልጅ ከጎኑ ካልተቀመጠች እህል አይወርድለትም። እነሱ ከሄዱ ቤት ውስጥ የምንቀረው እሱና እኔ ነን፤ ሁለት ደረቆች።

ሐሙስ፣ 6

በችኮላ። ዘነበ። ሳይታሰብ፣ ያውም ሌሊት። የመቁረጫ ክፍሉ ወለል ኩሬ ሆኗል። ማሽኖቹ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ የትም አይሸሹም። ላስቲክ አለበስናቸው፣ አልበቃም። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስቴ ሳይቀር ወጣ። ወንድሜ ጃኬቱን አውልቆ ትልቁን መቁረጫ አለበሰው። እሱ ራሱ እየራሰ፣ ለብረት ጃኬት!

እሑድ፣ 9

ሸራ በገመድ ወጥረን ነበር። ንፋሱ አንስቶ ከመብራት ምሰሶው ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ሲስቅብን ዋለ።

ራት ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ወንድሜ ሹካውን አስቀምጦ «ቆርቆሮ ደጅ ተደርድሮ ማሽን በዝናብ ይመታል። ይሄንን ለማያውቀን ሰው ብነግረው አብደዋል ይለናል» አለ።

«ደንብ ነው።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው እኮ ጣራ አለው እትዬ።»

«ትንሽ ታገሥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የእኛ እንቁላልማ ሄዶ ሄዶ ጡረታ ወጣ!»

አባባ እስኪያስለው ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካው ቦይለር ሠራተኛ ነበር፤ አሁን የግቢው ቁልፍ እሱ ጋ ነው፣ ማንም ጠብቅ ሳይለው ይጠብቃል። «በእኔ ጊዜ እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አሁን ውሃው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ፋብሪካው ተገልብጧል።»

የወንድሜ ሚስት አልሳቀችም። ሳህን እያነሳች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ጫማ ቤቱ ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚይዝለት» አለች። ይህን እስከዛሬ አልነገሩኝም ነበር።

ወንድሜ ወደ በሩ ተከትሎኝ መጣ። «እትዬ፣ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ ጠይቂያቸው እስቲ። ለዝናቡ ያህል ብንሸፍነው ምን ይላሉ? ጠይቂ ብቻ። እምቢ ካሉ እሺ እላለሁ።»

እጠይቃለሁ አልኩት።

ረቡዕ፣ 12

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ መመለሴ ነው። እግሬ አብጧል።

የድጎማው ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ ነው። ለሁሉም ሰው «እሺ፣ ነገ» ስለሚል እሺ ነገ ነው የምንለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለ፤ አንዱ ሲጮህ ሌላውን ያነሳል። ከክፍሉ ደጅ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ይጠጋል፣ ተራው ሲደርስ ቀሚሱን ወይም ሱሪውን አራግፎ ይነሳል። እኔም ተንፏቀቅኩ።

ጥያቄዬን አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። «ጌታዬ፣ ማሽኖቹን ከዝናብ ለማዳን ያህል…» ብዬ እጀምራለሁ። ወንበሩ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጨዋታ ጀመረችኝ። ከጎረቤት ከተማ ናት፤ የእነሱ የተዘጋው የሽመና ፋብሪካ ነው። የእነሱም ጣራ ያፈስ ነበር። «እኛማ ጠየቅናቸው» አለችኝ። «ንብረት ለማዳን ከሆነ ፎቶ አንሱና አሳውቁን፣ ከዚያ ሸፍኑት አሉን። ሸፈንነዋ!»

የአግዳሚ ወንበር ወሬ ነው። ማን እንደፈቀደላቸው ምን ይታወቃል? አንዷ የነገረችኝን ይዤ የከተማ ሕዝብ ተስፋ አላበላሽም።

ተራዬ ደረሰ። እሺ ነገ ቀና ሳይል ሰነዶቻችንን አገላበጠ። ሁለት ቦታ ማኅተም ጎድሏል አለ። ስልኩ ጮኸ፣ ሌላውን አነሳ። ከዚያ «ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም ጌታዬ» አልኩት።

ያልጠየቅኩት ጊዜው ስላልተመቸ ነው። ሰውየው ተጣድፏል። ደግሞ «ይህን እንኳ ሳታውቂ ነው የማኅበር ጸሐፊ የሆንሽው?» ቢለኝስ? ሊጀምሩ የቋመጡ ናቸው ብሎ ቢጠረጥረንና ፋይላችንን ከሥር ቢያደርገውስ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሚቀጥለው እጠይቀዋለሁ።

ዓርብ፣ 14

ወንድሜ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ። «ጠየቅሽልኝ?»

አይቻልም አልኩት። ደንቡ የሚለው ይህንኑ አይደል? የጻፉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ አሉ ማለት ውሸት አይባልም።

«እሺ» አለ። እሺታው ከጭቅጭቁ ይልቅ ከበደኝ።

ማክሰኞ፣ 18

አራት ሌሊት በተከታታይ። አባባ መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ ወንበር አስገብቶ አድሯል፤ ሳፋው ሲሞላ እየደፋ ሌላ ይተካል። ሳሉ ጠንክሯል። ብለምነው «ቦይለር የለመደ ሰው ብርድ አይነካውም» ይላል። ቦይለሩ ከጠፋ ስንት ጊዜው!

የትልቁ መቁረጫ ብረት ዝጓል። ወንድሜ በዘይት ያሸዋል፣ በማግስቱ እንደገና ይዝጋል። ዛሬ እያሸ ሲያነጋግረው ሰማሁ፤ «አይዞህ፣ ትንሽ ቀን ነው» ይለዋል። ወደ ውስጥ ሳልገባ ተመለስኩ።

በፀጉር ቤቱ በኩል ሳልፍ ደግሞ የሊቀመንበሩ ደንበኛ፣ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ «እሷማ ቤቱ ቢቃጠል ውሃ ለመድፋት ፊርማ ትጠይቃለች» ሲል ጆሮዬ ገባ። ሊቀመንበሩ በመስተዋቱ አየኝና ምላጩን መሳል ጀመረ። ምነው እነሱ ሄደው ያንን አግዳሚ ወንበር ቢሞክሩት?

ሐሙስ፣ 20

ማኅተሙ ተሟላ። ስልክ ደወልኩ። «እሺ፣ ነገ።»

ዓርብ፣ 21

«እሺ፣ ነገ» አለኝ ዛሬም። ነገ ቅዳሜ አይደል? የት ቁጭ ብሎ ሊያየው ነው?

የወንድሜ ልጅ አፏ ላይ ጣቷን አድርጋ «አክስቴ፣ አዲሱ ቤታችን ጣራ አለው?» አለችኝ። አዲስ ቤት የሚባል ነገር ቤት ውስጥ እየተወራ ነው ማለት ነው።

ሰኞ፣ 24

ተጠራሁ! እሺ ነገ ራሱ ደወለ። ገምጋሚ ሐሙስ ጠዋት ግቢያችንን ልታይ ትመጣለች። ከዚያ በፊት ሰነዶቹን አብረን ማስተካከል አለብን፣ ስለዚህ ነገ ሄጄ እዚያው አድራለሁ። ሁሉም ነገር በማመልከቻው ፎቶ ላይ እንዳለ መገኘት አለበት አለኝ፤ ጣራው ክፍት፣ ቆርቆሮው እንደተደረደረ። «አንድ ነገር ተነክቶ ካገኘች በእኔ አይሆንም» አለ።

እግሬ መሬት አልነካ ብሎኛል። ለወንድሜ ስነግረው ፈገግ አለ። ካየሁት ሰነባብቷል፣ ያንን ፈገግታ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም። ስለ ፎቶው ለማንም አልነገርኩም፤ ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የምደጋግምላቸው?

ረቡዕ፣ 26

ካልጻፍኩት አልተኛም።

አውቶቡሱ መታጠፊያውን ሲዞር ከሩቅ የሚያበራ ነገር አየሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ፋብሪካው ተከፈተ እንዴ?» አለ። የሚያበራው የመቁረጫ ክፍሉ ጣራ ነበር።

መውረጃው ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ክራባት አስሯል። ሰፊዎቹ ሴቶች እጃቸው በዝገትና በጭረት ጠቋቁሯል፤ ልጅነት የተመለሰላቸው ይመስል እየሳቁ ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው ጎተቱኝ። ሌሊቱን በፋኖስ፣ ቀኑን በሙሉ ሠርተውታል። ገምጋሚዋ ስትመጣ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ትይ፣ እጃችንን አጣጥፈን የምንለምን እንዳልሆንን ትወቅ ብለው ነው። የሚያኮራ ነገር ያዘጋጁልኝ መስሏቸዋል። ከእነሱ በቀር እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሕዝብ የት ይገኛል? ለመርዳት ሲሉ ገደል የሚገቡ!

ወንድሜ ከጣራው አናት ላይ መዶሻውን አወዛወዘልኝ። «እትዬ! አንድ ጠብታ ብታስገባ ስሜን ቀይሪው!»

ወደ ውስጥ ገባሁ። ደረቅ ነበር። አባባ ሳፋዎቹን አጥቦ ደፍቷቸዋል። ማሽኖቹ በዘይት ወዝተዋል። እዚያች ደቂቃ ላይ ማልቀስ ነው ያማረኝ፣ ግን የወጣኝ ሌላ ነው።

«አውርዱት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ነገ ጠዋት ናት። ከፎቶው ጋር ታመሳክራለች። ሳይመሽ አውርዱት።»

ሊቀመንበሩ ክራባቱን ላላ አድርጎ «እኔ እንኳ ብናስረዳት…» ሲል «ማን ነው የሚያስረዳት? አንተ?» አልኩት። ከሰፊዎቹ አንዷ፣ ጣቷን በጨርቅ ያሰረችው፣ «እኔ በገዛ እጄ አላወርድም፤ እጄን ቁረጪው» ብላ ወጣች። ሌሎቹም እየተከተሏት ወጡ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ወርዶ ፊቴ ቆመ። ላቡ አልደረቀም።

«እትዬ፣ አይፈቀድም ብለውሻል አይደል?»

«ነግሬህ የለ።»

«በአፋቸው?»

«በአፋቸው» አልኩት።

«አንቺ አንዴ ካልሽ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው» አለና፣ ባዶ የቀለም ጣሳ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተመልሶ ወጣ። ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የተጣመመውን ማገሩ ላይ እያቃና፣ ጣሳው ውስጥ ይጥላል። ቀንና ሌሊት የገጠመውን ለማውረድ የተጣደፈ ሰው እንዲህ አያደርግም። እንደገና እንደሚገጥመው አስቦ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

አባባ መሰላሉን ይዞ ቆመ። ከታች እኔ ቆርቆሮውን እየተቀበልኩ ግንቡ ሥር ደረደርኩ። አባባን «ግባ፣ ይበርድሃል» ብለው ዞር ብሎም አላየኝም።

የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲወርድ ዝናቡ ጀመረ።

ትክክል ነው የሠራሁት። ብትመጣና ብታየው ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ማሽን ይጠገናል፣ ሰው ይረሳል። ትክክል ነኝ። ቢሆንም ሻይ አፍልቼ ለወንድሜ በሩን ሳንኳኳ ሚስቱ ናት የከፈተችው፤ «ተኝቷል» አለችኝ። ከኋላዋ ቁጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 27

ገምጋሚዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ቦቲ ጫማ አድርጋለች፣ ሰው የማትንቅ ልጅ። ቆርቆሮውን አየች፣ ማሽኖቹን አየች። ክፍሉ ውስጥ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ቀና ብላ ክፍቱን ጣራ ተመለከተችና ከልቧ አዘነች።

«ውይ! ምነው አልሸፈናችሁትም?» አለች።

«ደንቡ አይፈቅድማ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ንብረት ከዝናብ ለማዳን ከሆነ እኮ ይፈቀዳል። ፎቶ አንስቶ ማሳወቅ ብቻ ነው። ከጎረቤት ከተማ ያሉት ጠይቀውን ሸፍነዋል። እናንተም ብትጠይቁን ኖሮ…»

ወንድሜ ከማሽኑ ጀርባ ወጣ። «ጠይቀናል» አለ። ድምፁ ቁጣ ነበረው፣ ቁጣው ግን በእሷ ላይ ነበር፤ ለእኔ ሊከራከር። «እህቴ እስከዚያ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። አይፈቀድም ብላችሁ መልሳችኋታል።»

ገምጋሚዋ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «ማንን ነው የጠየቁት እትዬ? ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

ሁሉም አየኝ። ሊቀመንበሩ፣ አባባ፣ ወንድሜ። ውሃው ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

የመለስኩላት ነገር አለ። እዚህ አልጽፈውም።

ዓርብ፣ 28

ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩ። ከእነ ወንድሜ ክፍል ሳጥን ሲጎተት ይሰማኛል።

እሑድ፣ 30

ሄዱ።

መነኻሪያው ድረስ ሸኘኋቸው፣ ባይፈልጉም። ልጅቷ የአባባን አንገት አልለቅ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናቸው። አባባ አላለቀሰም። ኮፍያውን አውልቆ ያዘና ቆመ።

ወንድሜን ጎተት አድርጌ «ገምጋሚዋ ጥሩ ነው የጻፈችልን ይላሉ፤ ሊፈቀድ ነው እኮ። ትንሽ ቀን ብትታገሥ ምን አለ?» አልኩት። ለመንኩት። በሕይወቴ እሱን ስለምነው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጣራ አውርድ ብትይኝ አወርዳለሁ እትዬ» አለ። «አውርጄም አይተሻል። ማሽን ቢበላሽ ይጠገናል። ጠይቄያለሁ ያልሽኝን ግን ምን ላድርገው? ሁለቴ ጠየቅኩሽ እኮ። በአፋቸው ወይ ብዬ ሁሉ ጠየቅኩሽ።»

«ፈርቼ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ግንባሬን ሳመኝ። ታላቅ ወንድም የሆነ ይመስል፣ ከኋላዬ የተወለደ ልጅ! አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጁን አወጣ፤ ለእኔ ይሁን ለአባባ አላወቅኩም።

እንዴት አንድ ሰው «ሌላስ?» ሲባል «ሌላ የለም» ይላል? ጥያቄው እኮ ምላሴ ላይ ነበር። ሰውየው አይበላኝ፣ አይገርፈኝ። ያንን ወንበር ተንፏቅቄ በሩ ድረስ ደርሼ፣ ተነስቼ፣ ቀሚሴን አራግፌ ገብቼ! የፋብሪካውን በር ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ከእኔ በታች ያለውን ስቆጣ፣ ከእኔ በላይ ያለውን ስፈራ ኖሬ፣ ሌላ ነገር አልለመድኩም መሰለኝ። ወንድሜን አልዋሸሁትም ብዬ እዚህ ደብተር ላይ ሳይቀር ጽፌያለሁ። ወደኋላ ገልጬ አየሁት። ዋሽቼዋለሁ።

ሰኞ፣ 8

ተፈቀደ። ውሉ ተፈረመ። እሺ ነገ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለዎት፣ እንደ እናንተ ሰነድ የጠራ የለም» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የደከመ፣ ተራ ሰው ነው። ይህንን ሰው ነው የፈራሁት።

ሊቀመንበሩ ፀጉር ቤቱ ደጅ ሙዚቃ ከፈተ። ትንሽ ሰው መጣ። ያቺ ጣቷ የታሰረው ሰፊ አልመጣችም። ወንበር ላይ ከተቀመጡት አንዱ «ማሽኑስ ይጠገናል፣ ቆዳውን ማን ይቆርጠዋል?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ለአባባ ነገርኩት። «ጥሩ» አለ። ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብዪኝ ብቻ ነው ያለኝ። ልጅቷ የምትቀመጥበትን በርጩማ ከገበታው ሥር አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ረቡዕ፣ 17

ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ሰማዩ አንድ ደመና የለውም።

ሥራው በጨረታ ለውጭ ተቋራጭ ስለተሰጠ ጣራውን የሚከድኑት ሰዎች ዛሬ ከሌላ ከተማ መጡ። የእኛ ሰዎች ግንቡ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ደንቡ ነው፤ ማኅበርተኛ በድጎማው ሥራ ላይ አይቀጠርም። ይህንንም ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ።

አባባ ወንበሩን ግቢው ውስጥ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ለሠራተኞቹ ቆርቆሮውንና የምስማሩን ጣሳ አስረከብኩ። ዋናው ሠራተኛ፣ ሽማግሌ ነው፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ማገሩ ላይ አሳርፎ ቆመ። ሁለተኛውን አሳረፈ። ከዚያ ከላይ ሆኖ ጠራኝ።

«እመቤት፣ ይሄ ቆርቆሮ እዚሁ ተመትቶ ነበር እንዴ? ቀዳዳው ከማገሩ ቀዳዳ ጋር ልክክ ይላል። እኔም እንዲህ አሳምሬ አልገጥመው!» ጣሳውን አነሳና ወደ ውስጥ አየ። «ምስማሩ ሳይቀር ተቃንቶ ተቀምጧል። ማን ነው እንዲህ የመሰለውን ጣራ ያወረደው?»

ግንቡ ላይ የተቀመጡት ወደ እኔ ዞሩ።

«ንፋስ ነው» አልኩት።

ከኋላዬ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። አባባ ተነስቶ ነበር። ሰንብቶ ያልሰማሁትን ድምፁን አውጥቶ፣ ለሁሉም በሚሰማ፣ «የምን ንፋስ!» አለ። «የገጠመው ልጄ ነው።» ትንሽ ሳለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያወረደችውም ልጄ ናት።»

ሽማግሌው አንዴ አባባን፣ አንዴ እኔን አየ። ሌላ ቆርቆሮ ሊወስድ መውረድ ሲጀምር መሰላሉ ተወዛወዘ፤ የሚይዝለት ሰው ስላልነበረ ሄጄ ያዝኩለት።